ልጅ ከአባት በለጠ ወይ? ስለ ኤል ሳንቶና ስለ ብር ጭምብሉ የተካሄደ ሙግት

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ተከታታይ ውይይቱን፣ የከፈተው ሰው ያቀረበው ጥያቄ የሚመስል ፍርድ ነበር። የሜክሲኮው ጭምብለኛ ትግለኛ ኤል ሳንቶ ስሙ የገነነው በሪንግ ውስጥ በሠራው ሥራ ሳይሆን በሲኒማና በሥዕላዊ መጽሔት ነው፤ ትግልን በእርግጥ የቻለው የአባቱን የብር ጭምብል ወርሶ ኤል ኢሆ ዴል ሳንቶ፣ ማለትም የሳንቶ ልጅ፣ ተብሎ የወጣው የመጨረሻ ልጁ ነው ይላል። ለአቋሙ ሁለት ማስረጃዎችን አቅርቧል። አባትየው ከ50 በላይ በሆኑት ፊልሞቹ ላይ ሲታይ እንቅስቃሴው ከባድና ዘገምተኛ ሆኖ አግኝቶታል፤ ልጁ ግን በገመዶቹ መካከል ሾልኮ ከሪንግ ውጭ በቆመ ተጋጣሚው ላይ ራሱን ሲወረውር የሚያሳዩት ምስሎች በአባትየው ፊልሞች ላይ የማይገኝ ፍጥነት ያሳያሉ። ልጅ በለጠ ማለት ለአባትየው ውርደት እንዳልሆነ አክሎ፣ የሚሞግተው ካለ በጨዋነት እንዲሞግተው ጋብዟል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አሳውቋል፤ እኔም ከዚህ በታች የምከተለው ያንኑ ነው።

መልስ 1ን የጻፈችው ተሳታፊ ለመወያያው አመስግና፣ ወደ ሙግቱ ከመግባቷ በፊት የሰውዬውን ታሪክ በአጭሩ አስቀመጠች። እውነተኛ ስሙ ሮዶልፎ ጉስማን ኡኤርታ ሲሆን በ1917 ሴፕቴምበር 23 ቀን በኢዳልጎ ግዛት በቱላንሲንጎ ከተማ ተወለደ፤ ልጅ ሳለም ቤተሰቡ ወደ ዋና ከተማው መጥቶ ቴፒቶ በሚባለው የነጋዴና የሠራተኛ ሰፈር ተቀመጠ። ትግል ለቤቱ እንግዳ ሙያ አልነበረም፤ ወንድሙ ሚጌልም ብላክ ጉስማን በሚል ስም ይታገል ነበር። ስለዚህ የቤተሰብ ውርስ የሚባለው ነገር ከልጁ ሳይሆን ከወንድማማቾቹ መጀመር አለበት ስትል አሳሰበች። ሮዶልፎ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሥራውን ሲጀምር ጭምብልም ሆነ የብር ልብስ አልነበረውም፤ በገዛ ስሙ አሳጥሮ ሩዲ ጉስማን፣ ቆይቶም ቀዩ ሰው እየተባለ ይታገል ነበር።

መልስ 2 ይህን ተቀብሎ የተዘለለ ነገር እንዳለ ጠቆመ፤ ለእኔ ግን ከጠቀሰው እርምት የበለጠ የጠቀመኝ ያመጣው ታሪክ ነው። ሮዶልፎ ሳንቶ ከመሆኑ በፊት ሙርሲዬላጎ ሁለተኛው፣ ማለትም የሌሊት ወፍ ሁለተኛው፣ በሚል ስም ወጥቶ ነበር። የስሙ የመጀመሪያ ባለቤት ሄሱስ ቬላስኬስ ግን ለትግል ኮሚሽኑ አቤት ብሎ ስሙን አስከለከለው። ያለ ስም የቀረውን ወጣት አሠሪው ሄሱስ ሎሜሊ የብር ቀለም ለለበሰ የትግለኞች ቡድን ካዘጋጃቸው ስሞች እንዲመርጥ አደረገው፤ ከቅዱስ፣ ከሰይጣንና ከመልአክ መካከል እርሱ ቅዱሱን መረጠ። በ1942 ጁላይ 26 ቀን በዚህ ስምና በብር ጭምብል በሜክሲኮ ሲቲ ሪንግ ላይ ወጣ፤ በዚያኑ ምሽት ስምንት ትግለኞች በአንድ ላይ የገቡበትን ፍልሚያ አሸነፈ። የሰው ስም ወስደሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ከመልስ 17 በኋላ ጉዳዩ ተመልሶ ይመጣል።

መልስ 3 ከክሩ ከፋች ጋር መስማማቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ገልጾ ሄደ። መልስ 4 ግን ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚለውን ተረት ጠርቶ የመነሻውን ጽሑፍ አፌዘበት፤ ከፌዙ በስተጀርባ ያለው ነጥብ ግን ጠንካራ ነበር። ሳንቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞቹን በኩባ የሠራው በ1958 ነው፤ ያኔ ዕድሜው 41 ዓመት ሲሆን የብር ጭምብሉን ካጠለቀ 16 ዓመት ሞልቶት ነበር። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የቀጠለውን የፊልም ሥራ ተመልክቶ ሰውዬውን ዘገምተኛ ማለት በስድሳው አዛውንት ላይ ተመሥርቶ ጎረምሳውን መፍረድ ነው ሲል ደመደመ። ክሩ ከፋቹ በመልስ 5 ሳይቆጣ መለሰ፤ የጎረምሳነቱ ትግል ተቀርጾ ካልተቀመጠ በምን ዓይተን እንፍረድ ብሎ ጠየቀ።

የክሩ ምርጥ ጽሑፍ በእኔ ግምት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ 6 ነው። ጸሐፊው ምስሉ ለምን እንደሌለ አስረዳ። ቴሌቪዥን ወደ ሜክሲኮ በገባ ሰሞን ትግል በሰፊው ይተላለፍ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን የዋና ከተማው አስተዳደር ስርጭቱን አገደ፤ እገዳውም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘለቀ። በእነዚያ ዓመታት ትግልን ለማየት የፈለገ ሰው ወይ አዳራሽ ገብቶ መታደም ወይ ሲኒማ መሄድ ነበረበት፤ የሳንቶ ፊልሞችም በታሪኩ መካከል ረጅም የሪንግ ትግል ያስገቡ የነበረው ተመልካቹ ይህን ስለተነፈገ ነው። ስለዚህ ሲኒማው ትግለኛውን አላጋነነውም፤ የታገደውን ነገር ተክቶ ሠራ እንጂ። እንዲሁም ሆሴ ጂ. ክሩስ በ1952 ማሳተም የጀመረው ፎቶግራፍንና ሥዕልን ያቀላቀለው መጽሔት ሳንቶን የድሆች ጠበቃና የክፉዎች ጠላት አድርጎ በየሳምንቱ ሲያቀርብ፣ እውነተኛው ሳንቶ በአዳራሹ ሩዶ፣ ማለትም ሕግ የሚጥስና ተመልካች የሚጮህበት ወገን፣ ነበር። በሪንግ ውስጥ ወደ ቴክኒኮ፣ ወደ ሕግ አክባሪዎቹ ወገን፣ የተሻገረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አስር ዓመት ያህል ሕዝቡ እሑድ የጮኸበትን ሰው ሰኞ በመጽሔት እየገዛ ያደንቀው ነበር ማለት ነው። መልስ 6 ይህን ሲጽፍ ማንንም አልነካም፤ ሆኖም ፊልሙን ብቻ የተመለከቱ ሰዎች ስለ ሩዶው ሳንቶ ምንም እንደማያውቁ በግልጽ አስቀምጧል። ክሩ ከፋቹም ለዚህ ጽሑፍ አንድም ቀን መልስ አልሰጠም።

መልስ 7 የሩዶነቱን ዘመን በአንድ ምሽት አሳየ። በ1952 ኖቬምበር 7 ቀን ሳንቶና ብላክ ሻዶው ጭምብል ለጭምብል ተገጥመው ሳንቶ አሸነፈ፤ ብላክ ሻዶውም በደንቡ መሠረት ጭምብሉን አውልቆ አሌሃንድሮ ክሩስ መሆኑን ለሕዝብ ገለጠ። በዚህ የትግል ዓይነት ከዚህ የከበደ ውርርድ የለም፤ የተሸነፈ ጭምብሉን ለዘላለም ያጣል፤ ጭምብል የሌለው ደግሞ ጸጉሩን ያስይዛል። የብላክ ሻዶው የሪንግ ወንድም የነበረው ብሉ ዲመን የጓደኛውን ደም ለመበቀል ወደ ቴክኒኮዎቹ ተሻግሮ ሳንቶን ደጋግሞ አሸነፈው፤ በ1953ም የዓለም የዌልተር ሚዛን ቀበቶውን ወሰደበት። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ፣ ሳንቶ ከብሉ ዲመን ጋር ጭምብሉን አስይዞ አንድም ጊዜ አለመግጠሙ ፍርሃት ነው ወይስ የአዘጋጆቹ ስሌት የሚል ጥያቄ ወረወረ። ጥያቄው መልካም ነበር፤ ጊዜው ግን መጥፎ ሆነ።

ምክንያቱም መልስ 8 ብቅ ብሎ ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ትርዒት ከሆነ ማን ማንን አሸነፈ ብሎ መከራከር ምን ይፈይዳል አለ። መልስ 9 እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው ይጠቀምበት የነበረውን አንቱታ ጥሎ ሰውየውን አንተ እያለ፣ የማያውቁት ነገር ላይ ከመጻፍ ዝም ማለት እንደሚሻል በመረረ ቋንቋ ነገረው። መልስ 10 ለማብረድ ሞከረ፤ ውጤቱ ቢወሰንም ማን እንዲያሸንፍ እንደሚወሰን የሚወስነው አዳራሹን የሚሞላው ሰው ማንነት በመሆኑ፣ ለአርባ ዓመት ያህል ጭምብሉን እንዲያጣ ያልተፈረደበት ትግለኛ ስለ ዋጋው ከማንኛውም ቀበቶ በላይ ይናገራል ሲል አስረዳ። የመልስ 7ም ጥያቄ በዚሁ ተመለሰ ብዬ አስባለሁ፦ ከሁለቱ ጭምብሎች አንዱን ማጥፋት ሁለቱንም የሚያበላ ገበያ መዝጋት ነበር። በመልስ 11 የመድረኩ አስተናባሪ ሁሉም ወደ ጉዳዩ እንዲመለስና አንቱታው እንዲከበር አሳሰበ።

መልስ 12 በሙያዋ ልብስ ሰፊ እንደሆነች የገለጸች ተሳታፊ ናት፤ ጭምብሎቹ በምን እንደሚሠሩ ጠየቀች። መልስ 13 ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ ከጉዳዩ የራቀ ቢመስልም ደስ የሚል ነበር። በ1930ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ትግለኛ አንቶኒዮ ማርቲኔስ ወደሚባል ጫማ ሠሪ ሄዶ በትግል መካከል የማይወልቅ ጭምብል እንዲሠራለት ጠየቀው፤ ማርቲኔስም ለጫማ እግር እንደሚለካ ሁሉ የሰውየውን ራስ ለክቶ ከቆዳ ሠራለት፤ ከኋላ በክር የሚታሰረው አሠራርም ከዚያ መጣ። የማርቲኔስ ቤተሰብም ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፏል። ሳንቶ ከጊዜ በኋላ ለመብላት እንዲመቸው አገጩ ክፍት የሆነ የተለየ ጭምብል ያስገባ እንደነበርም ጨምሮበታል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ልጁ ዞረ። መልስ 14 በሎስ አንጀለስ የሚኖር ወንድም ሲሆን፣ በሥራ ቦታው አብረውት ያሉ አንድ አረጋዊ ሜክሲኳዊ በ1987 ጁላይ 18 ቀን በኦሊምፒክ ኦዲቶሪየም የተደረገውን ትግል ሳያወሩ የዋሉበት ቀን እንደሌለ ጻፈ። ኤል ኢሆ ዴል ሳንቶ ጭምብሉን፣ ኔግሮ ካሳስ ጸጉሩን አስይዘው ተገጥመው ካሳስ ተላጨ። ያ አዳራሽ ዛሬ የኮሪያውያን ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ ሽማግሌው ግን በዚያ ባለፉ ቁጥር ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ለየትኛው ቅዱስ እንደሆነ ግን ጸሐፊው ጠይቋቸው አያውቅም። በዚሁ ላይ መልስ 15 ስለ ልጁ አንድ ነገር አከለ፤ አባትየው ልጁ ወደ ትግል ከመግባቱ በፊት እንዲማር አጥብቆ ይፈልግ ስለነበር ልጁ፣ በእውነተኛ ስሙ ሆርሄ፣ በኢቤሮአሜሪካና ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ተምሯል፤ በሳንቶ ልጅነት የወጣውም አባቱ በጡረታ በተሰናበተበት በ1982 ነው።

መልስ 16 ረጅም ነው፤ ርዝመቱ ግን ይገባዋል። ሳንቶ በ1940ዎቹ ከጎሪ ጌሬሮ ጋር አቶሚክ ጥንድ የሚባል ቡድን ነበረው። ጎሪ ደግሞ ብዙዎቻችን በሳተላይት ቴሌቪዥን የአሜሪካን ትግል ስንከታተል ያወቅነው የኤዲ ጌሬሮ አባት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሁለቱ ልጆች፣ ኤዲና ኤል ኢሆ ዴል ሳንቶ፣ የአባቶቻቸውን ጥንድ አድሰው አብረው ይታገሉ ነበር፤ ኤዲ ግን ከዳው፤ ከአርት ባር ጋርም የሽብር ጥንድ የሚባለውን አቋቋመ። በ1994 ኖቬምበር 6 ቀን በሎስ አንጀለስ ኤል ኢሆ ዴል ሳንቶና ኦክታጎን ጭምብላቸውን፣ ኤዲና ባር ጸጉራቸውን አስይዘው ገጠሙ፤ ጭምብለኞቹ አሸነፉ፤ ሁለቱም ተላጩ። ባር በዚያው ወር አረፈ። ጸሐፊው የደረሰበት መደምደሚያ ክሩ ከፋቹን በከፊል ይደግፋል፦ ይህ ትግል ካለ አባቶቹ ታሪክ ይህን ያህል ክብደት አይኖረውም ነበር፤ ግን አባቶቹ ሞተውና ጡረታ ወጥተው ሳለ ክብደቱን በሪንግ ውስጥ የተሸከሙት ልጆቹ ናቸው። ጎሪ ከዚያ በፊት በ1990 አርፎ ነበር። ጸሐፊው የረሳው ነገር ቢኖር ልጁ እንደ አባቱ ሩዶነትን መሞከሩን ነው፤ በ1996 ካሳስን ከድቶ ለተወሰነ ጊዜ ሕዝቡን አስጩኾበታል፤ በ1997 ሴፕቴምበርም አሬና ሜክሲኮ በሚባለው የሜክሲኮ ሲቲ የትግል አዳራሽ ዳግመኛ ላጭቶታል። ልጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ከበረራው ይልቅ የሚያስረዳኝ ይህ ነው፤ የአባቱን ስም ቅዱስነት ብቻ ሳይሆን የአባቱን ኃጢአትም መውረስ ችሏል።

መልስ 17 ውርስ የደም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ብሉ ዲመን ጁኒየርን ጠቀሰ። የብሉ ዲመን የማደጎ ልጅ ነው፤ ሆኖም ሰማያዊውን ጭምብል አስከብሮ በ2008 የዓለም የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወስዷል። መልስ 18 ይህን ሰምቶ ነገሩን ወደ ሌላው ጫፍ ወሰደው፤ የማደጎ ልጅ ከተፈቀደለት የሳንቶ የልጅ ልጅ የሆነው አክሰል ለምን ተከለከለ ብሎ ጠየቀ። አክሰል የሳንቶ የልጅ ልጅ በሚል ስም መታገል ጀምሮ ነበር፤ የስሙና የጭምብሉ የንግድ መብት በእጁ ያለው ኤል ኢሆ ዴል ሳንቶ በፍርድ ቤት ተከራክሮ በዚያ ስም እንዳይጠቀም አስከለከለው።

ከዚህ በኋላ ያሉት አራት መልሶች የክሩ ሞቃቶች ናቸው። መልስ 19 የገዛ ዘመዱን የአያቱን ስም መከልከል ከስግብግብነት ሌላ ስም እንደሌለው ጻፈ፤ ሀብት የተካፈሉ ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ ያየ ሰው ይህን ያውቃል ብሎም አከለ። መልስ 20 ጽሑፉን ልጓም የሌለው ብሎ ከወቀሰ በኋላ፣ አባትየው ሥራውን ትቶ የሄደው ለሁሉም ዘር ሳይሆን ለአንድ ልጅ መሆኑን አስረዳ፤ ማንም የሳንቶ ዘር ነኝ ያለ በብር ጭምብል ቢወጣ ጭምብሉ በአንድ ትውልድ ውስጥ የገበያ አሻንጉሊት ይሆናል ሲል ተሟገተ። መልስ 19 ተመልሶ በመልስ 21 ጭምብሉማ የገበያ አሻንጉሊት ከሆነ ቆይቷል፤ በሜክሲኮ ሲቲ ከአሬናው ውጭ ባሉ ነጋዴዎች ጠረጴዛ ላይ ለሕፃናት ይሸጣል ብሎ አሾፈ። ሁለቱም የረሱትን መልስ 22 አስታወሰቻቸው፤ ወደ መልስ 2 ተመልሳ፣ ሳንቶ ራሱ የሌላ ሰው ስም ይዞ በመውጣቱ በኮሚሽን ውሳኔ ተገዶ ስሙን የለወጠ ሰው እንደነበርና ያ ክልከላ ባይኖር ኖሮ ቅዱስ የሚባል ትግለኛ እንደማይኖር ጻፈች። ከአራቱ እኔ የምቀበለው እርሷን ነው። አክሰልም የአያቱን ስም ትቶ በአክሰልነቱ መታገሉን ቀጥሏል።

በመልስ 23 አንድ ሰው በ1984 ጃኑዋሪ ሳንቶ በያኮቦ ሳብሉዶቭስኪ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ጭምብሉን በከፊል አንሥቶ ፊቱን ማሳየቱን፣ በቀናት ልዩነት በፌብሩዋሪ 5 በልብ ድካም ማረፉን አንሥቶ፣ ሞቱን ከመገለጡ ጋር አያያዘው። መልስ 24 በጥቂት ቃላት ቆረጠው፤ ሰውዬው 66 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕለትም በብላንኪታ ቲያትር ሥራውን ሲሠራ ውሎ ነው ያረፈው። ጭምብሉን እንዳጠለቀ መቀበሩንና ብሉ ዲመን በቀብሩ መገኘቱን ጨምሮ፣ በ1982 ቶሬዮ በሚባለው የኮርማ ፍልሚያ ስታዲየም ባደረገው የመሰናበቻ ትግሉ ከጎኑ ከነበሩት አንዱ ያው ጎሪ ጌሬሮ እንደነበረ ለመልስ 16 አስታውሶታል።

ክሩ ከፋቹ በመልስ 25 ተመልሶ ስለ አባትየው የሪንግ ሥራ አቋሙን እንዳለዘበ፣ ስለ ልጁ ብልጫ ግን እንዳልለወጠ ገልጾ፣ የሦስተኛው ትውልድ ነገር ምን ደረሰ ብሎ ጠየቀ። መልስ 26 የኤል ኢሆ ዴል ሳንቶ ልጅ በ2016 ሳንቶ ጁኒየር ተብሎ በብር ጭምብል መጀመሩን ነገረው። መልስ 19 ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ብሎ ይህም አንድ የልጅ ልጅ አይደለም ወይ አለ፤ መልስ 28 ደግሞ ልዩነቱ ይህኛው የመብቱን ባለቤት ፈቃድ ይዞ መውጣቱ ብቻ ነው ብሎ መለሰለት።